ዘቦውና ሰማያዊው ጨርቅ

ጥቅምት 16

ባሌ ፍቅሬ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ደብተር ማንም አይደለም። ስለዚህ ለደብተር እናገራለሁ።

የሆነው ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ አማቴ የኔታ ተክለ ማርያም ወደ ስፌት ቤቴ ገቡ። ለጥምቀት ለደብሩ አምስት ካባ ታዝዣለሁ፤ የደብሩ መሪጌታ እሳቸው ስለሆኑ ዘቦውን፣ በወርቅ ክር የተሸመነውን ጨርቅ፣ አምጥተው የሰጡኝም፣ ሥራውን የሚከታተሉትም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ካባ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እኔ ደግሞ ላዩ ላይ ተደፍቼ አለቅሳለሁ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ማንም አልሞተም።

«ከፍቅረ ሥላሴ ተጣላሽ?»

አልተጣላሁም።

«ታዲያ ምን ሆንሽ ልጄ?»

መልስ ሳጣ ጊዜ ተቆጣሁ። «ሰው ቆሞ እያየኝ መስፋት አልችልም፣ ይውጡልኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። መቋሚያቸውን አነሡና ወጡ።

ማታ ባሌ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ፍቅሬ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል፤ ዲያቆንም ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የአባቱ ልጅ ነው። «ደክሟት ነው እላቸዋለሁ። አንቺ ለማንም እንዳትናገሪ» አለ። ደክሞኛል እንዴ? ያለፈው ሳምንት ከዚህ የበለጠ ሠርቼ አልደከመኝም ነበር።

ጥቅምት 18

ቸኩያለሁ። የሁለተኛው ካባ አንገት ጠበበ። ፈታሁት፣ ሰፋሁት፣ እንደገና ጠበበ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል። ልጄ መስከረም «እማዬ ጸጉሬን ሥሪልኝ» ስትለኝ ማበጠሪያውን ወረወርኩት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ምን አደረገችኝ? ምንም።

ጥቅምት 21

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። ማን መሆኔን አላወቁም፤ ወይም አውቀዋል።

«የአሻግሬ ልጅ እኮ፣ የልብስ ሰፊዋ። ጀመራት አሉ።»

«ከእናቷ ነው። የእናቷ ዛር ነው የወረሳት።»

«ውይ! አሁን ደግሞ ትንሿ ልጅ አለች።»

ዘወር ብዬ «ትንሿ ልጅ ምን?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዱቄቴን ተሸክሜ መጣሁ። እስካሁን ያንን ዓረፍተ ነገር በልቤ እየደጋገምኩ እናገረዋለሁ። ምን ዋጋ አለው?

እናቴን በደንብ አስታውሳታለሁ። ሳቂታ ነበረች። ከዚያ ደግሞ በሩን ዘግታ የምትተኛበት ሰሞን ይመጣል። ያኔ ጠበል ይወስዷታል፤ ተሽሏት ትመለሳለች፤ እሰይ ይባላል፤ እንደገና በሩ ይዘጋል። እስከሞተችበት ቀን ድረስ ጥፋተኛ እንደሆነች ታምን ነበር። «መንፈሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሳላማትብ ወንዝ ወርጄ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም አምኛት ነበር።

ጥቅምት 25

ዛሬ ሰማያዊ ነው!

ትናንት የወር አበባዬ መጣ፤ ዘቦውን ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ሰማያዊውን የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ አወጣሁ። የአባቴ ሕግ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በዚች ደባርቅ ልብሰ ተክህኖ ሲሰፋ ኖሮ፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው መርፌውን ለእኔ ሲያወርሰኝ አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ፤ በልማደ አንስት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ጨርቅ እንዳልነካ። ነክቼ አላውቅም። ሰማያዊው ጨርቅ ብናኝ ስላለው ደግሞ ከዘቦ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይውልም። ጠረጴዛውን ማጠብ፣ የመኪናውን መርፌና ክር መቀየር፣ ወለሉን መጥረግ አለ። ስለዚህ አንዴ ሰማያዊ ከያዝኩ የተቀበልኩትን ሳልጨርስ አልመለስም፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄዳል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ዘቦ። እንዲህ እየተፈራረቀ ነው ኑሮዬ።

ጎረቤቴ ወርቄ፣ በርበሬና ቅመም የምትሸጠዋ፣ አንገቷን በበሩ አስገብታ «አንቺ፣ ዩኒፎርም ስትይዢ ሳቅሽ እስከ መናኸሪያው ይሰማል! ይሄ ዘቦ አልተስማማሽም እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከሰዓት የመስከረምን ጸጉር ሹሩባ ሠራሁላት። እንዴት እንዳማረባት!

ኅዳር 3

የኔታን ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ሳለ እሳቸው ራሳቸው መጡ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፤ ቂም አይዙም፣ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ።

«ዛሬ ደህና ነሽ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።»

ጠረጴዛውን አዩት። ሰማያዊ ጨርቅ። ሳጥኑን አዩት። ዘቦው ያለበት። ከዚያ እንደገና እኔን። ምን እንዳሰቡ አልገባኝም። ሻይ አፈላሁላቸው።

ኅዳር 9

ጠረጴዛው ታጥቧል፣ ዘቦው ወጥቷል። የወርቁ ክር ከጎንደር ሊመጣ ነበር፤ መንገድ ተዘጋ አሉ። ሲከፈት ይመጣል። ያለኝን አብቃቅቼ የሁለተኛውን አንገት አስተካከልኩ። ተመስገን፣ እጄ ዛሬ ታዝዞልኛል።

ኅዳር 14

መጣ። ያው ራሱ። ጠዋት ስነሣ ቤቱ የሰው ቤት መሰለኝ። ባሌ ሲያኝክ ድምፁ ያስጠላኛል፤ ደጉ ሰውዬ። ለምን እንደምፈራ ሳላውቅ እፈራለሁ። ቀን ደግሞ ልጽፈው የማልፈልግ ነገር አሰብኩ። መቀሱን ከጠረጴዛው አንሥቼ ለወርቄ «አስቀምጪልኝ» ብዬ ሰጠኋት። ለምን አላለችኝም።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ማታ የኔታ እኛ ቤት መጡ፤ ፍቅሬ አጠገባቸው አቀርቅሮ ተቀምጧል። አስቀድመው እንደተነጋገሩ ገባኝ።

«ልጄ ታንጉት» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ልማዳቸው ቃሉን እያሟሉ፤ «እኔ በችኮላ የምናገር ሰው አይደለሁም። ይኸውልሽ ስመረምር ሰነበትኩ። ዘቦውን ስትይዢ ትታመሚያለሽ። ሰማያዊውን ስትይዢ ትድኛለሽ። እንደ ገና ዘቦውን ስትይዢ እንደ ገና ትታመሚያለሽ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም አያጣውም። በአንቺ ላይ ያለው የተቀደሰውን ልብስ አይወድም።»

ምን ልበል? እውነት ነው። በዓይኔ ያየሁት ነው። ወርቄም አይታዋለች። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሽማግሌው አልዋሹም።

«ጠበል ግቢ። እዚሁ ቅርብ ነው» አሉ።

«እሺ» አልኩ። እሺ ስል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

ኅዳር 18፣ ጠበል

ከከተማው ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። አንድ ጎጆ ውስጥ ሰባት ሴቶች ነን። እኔ ጠበሉን አልጠላሁትም። ይህን ልጻፈው፤ ኋላ ማንም ሰው ቃሌን ከአፌ እንዳይቀማኝ። ውኃው ሲወርድብኝ ለደቂቃ ያህል ጭንቅላቴ ጸጥ ይላል።

አጥማቂው ቄስ ገብረ ሚካኤል ናቸው። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «ስምህን ተናገር!» ይላሉ። የሚናገር የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። ዛሬ «አባ፣ ውሸት ልናገርልዎት?» ልል ምንም አልቀረኝም።

ኅዳር 20፣ ጠበል

ቄስ ገብረ ሚካኤል ከጸሎት በኋላ ለብቻዬ አነጋገሩኝ። «የሚጮኹ አሉ፣ የሚወድቁ አሉ። አንቺ ዝም ብለሽ ነው የምታለቅሺው። ምንድን ነው የሚሰማሽ?»

«ማንም የሞተብኝ ሳይኖር ሐዘን ላይ ነኝ፣ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ቢያንስ ጠየቁኝ።

ኅዳር 22

አበባዬ መጣ። ሥርዓቱ ስለማይፈቅድ ነገርኳቸውና ልብሴን ጠቅልዬ ወጣሁ። እስከ ከተማ በእግሬ ስመጣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ የሆነ ነገር ከላዬ ተነሣ። ገብሱ ሲታጨድ አየሁ። አጫጆቹ ሲቀልዱ ሰማሁና ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ሽሮ ሠርቼ ጠግቤ በላሁ።

ፍቅሬ ደስ አለው። «ዳንሽ!» አለ። የኔታ ግን ደስ አላላቸውም። ከበሩ ቆመው «ከጠበሉ በራቀች በዚያው ቀን ሳቀች» አሉት ለልጃቸው፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው።

ኅዳር 24

ፍርዴ ተነገረኝ። የተቀሩት ካባዎች ዳባት ላለው ልብስ ሰፊ ለደርቤ ይሰጣሉ። እኔ ደግሞ ገና ሲያልፍ በየዳ ወረዳ ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ሄጄ፣ እዚያ ያለው ጠበል ዘንድ እስከ ፋሲካ እቀመጣለሁ። መስከረም ከአያቷ ጋር ትሆናለች። ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ጨርቅ እኔ ቤት አይገባም።

ደርቤ! ደርቤ እኮ ትከሻ መቁረጥ እንኳ አያውቅበትም። የሰፋቸውን ካባዎች የለበሰ ቄስ ሁሉ እጁን ሲያነሣ ጆሮው ይሸፈናል።

ይህን ጽፌ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ይኼ ግን ሌላ ለቅሶ ነው፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሥራዬን ሊወስዱብኝ ነው። የአባቴን መርፌ። በደባርቅ አደባባይ «የታንጉት እጅ ነው» የሚባልልኝ አንድ ነገር ይኸው ነበር። ያ ከሄደ እኔ ማን ነኝ? በር ዘግታ የምትተኛዋ ሴትዮ ልጅ።

ኅዳር 26

ሰማያዊ እየሰፋሁ ነበር። መኪናው እየሄደ ሳለ አንድ ነገር አሰብኩና እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሣሁ።

ሰማያዊውን ሁልጊዜ የምጀምረው አበባዬ ሲመጣ ነው። ዘቦውን ሁልጊዜ የምጀምረው ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ዘቦው የሚያሳምመኝ ከሆነ፣ ወይስ ያ ጊዜ ራሱ የሚያሳምመኝ ሆኖ ዘቦው በቦታው የተገኘ ምስኪን ጨርቅ ከሆነ፣ በምን ይለያል? ጠበሉም እንደዚሁ። ከጠበል የወጣሁት አበባዬ ስለመጣ ነው፤ የተሻለኝም አበባዬ ስለመጣ ነው። የኔታ ያዩትን በትክክል አይተዋል። የሚያዩትን ደርድሮ ያቀረበላቸው ግን የአባቴ ሕግ ነው!

መኪናውን ትቼ ደብተሬን ያወጣሁት ለዚህ ነው።

እናቴስ? እናቴም ከጠበል ተሽሏት የምትመለሰው ወር በወር ነበር። ወር በወር!

ኅዳር 29

የኔታ ቤት ሄድኩ። ፍቅሬ «አትሂጂ» ሲለኝ ሄድኩ። ቅኔ ከሚያስቀጽሏቸው ተማሪዎች ለይቼ ለብቻቸው አነጋገርኳቸው።

«የኔታ፣ እርስዎ መርምረው ነው የተናገሩት፤ እኔም መርምሬ መጣሁ። እስከ ገና ጊዜ ይስጡኝ። ጨርቁን አገላብጠዋለሁ። ደህና በምሆንበት ሰሞን ዘቦውን እሰፋለሁ፤ በሚከፋብኝ ሰሞን ሰማያዊውን ብቻ። ዘቦውን እቆልፍና ቁልፉን እርስዎ ይይዙታል። መንፈስ ከሆነ በዘቦው ጊዜ ይጮሃል፤ በሰማያዊው ጊዜ ደግሞ ዝም ይላል። ካልሆነ ግን…»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ሥራዬን አይነኩብኝም። ልጄንም ማንም ወራሽ አይላትም።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ። «ከሴት ልጅ እንዲህ ያለ ሙግት ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

«አሁን ሰሙ፣ የኔታ።»

ምላሴን! ግን ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «በይ እሺ፣ እስከ ገና» አሉ።

ታኅሣሥ 4

ጠረጴዛው ታጥቧል። ዘቦ። ሦስተኛው ካባ እንደ ውኃ ወረደልኝ። ክሩም ከጎንደር ደርሷል። ወርቄ መጥታ «ዛሬ ደግሞ ዘቦ ይዘሽ ትዘፍኛለሽ!» ስትል «ሂጂና ለየኔታ ንገሪልኝ፤ እየጮህሽ ንገሪ» አልኳት። ሄደች። የኔታም መጡ። ጥልፉን ዳሰሱ፣ መስቀሉን አዩ፣ እኔንም አዩ፤ እኔ ደግሞ መዝሙሬን ሳላቋርጥ ሰፋሁ። ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጡ።

ታኅሣሥ 9

ሦስተኛው ካባ አለቀ። ዘቦውን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለየኔታ ሰጠኋቸው። ሰማያዊው ወጣ።

ብፈራ ይፈረድብኛል? ከተሳሳትኩስ? ምናልባት ሰማያዊውን ይዤ ደህና እሆናለሁ፤ ያኔ የኔታ ትክክል ናቸው፣ እኔም በየዳ ነኝ። «ሳልታመም ብቀርስ» ብዬ የምፈራ በዓለም ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም።

ታኅሣሥ 13

አልተሳሳትኩም።

መሳሳት ምንኛ በተሻለ።

ታኅሣሥ 15

የአንደኛ ክፍል ልጅ ዩኒፎርም። ኪስ። ኪሱ ጠማማ። አለቀስኩ። ምን ልጻፍ፣ አይጻፍም። መቀሱ ወርቄ ዘንድ ነው። ፍቅሬ እጄን ያዘኝ፤ እጄን ነጠቅሁት። «ውጣ» አልኩት። ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ጸለይኩ።

ታኅሣሥ 17

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጅ ነርሷ ሃና ትባላለች፤ የዳባት ልጅ ናት፣ መስከረምን ሳረግዝ ገና ተማሪ ነበረች። «እትዬ ታንጉት፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ የጨርቁን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። አልሳቀችም። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ፤ ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ አለችኝ፣ ሳትሽኮረመም፣ ስለ ጉንፋን እንደምትጠይቅ። «አስቤአለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሃና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና እስክጨርስ ሰማችኝ። ለብቻዬ እንዳልሆን፣ መቀሱም ሆነ ሌላ ነገር እጄ ላይ እንዳይቀር፣ ሲብስብኝ በማንኛውም ሰዓት እንድደውልላት አስማለችኝ። ስልኳን ሰጠችኝ።

ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ አስገባችኝ። እሱም ያለኝ እንዲህ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በሴት ደም ውስጥ ሆርሞኖች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሁሉም ሴት ላይ ነው። የብዙዎች አእምሮ ይችለዋል፤ የአንዳንዶቻችን ግን ለውጡ ያሳምመዋል። ጭንቀት፣ ቁጣ፣ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ያመጣል፤ አበባ ሲመጣ ደግሞ ይለቃል። ሕመም ነው፤ ስም አለው፣ መድኃኒት አለው። ሌላ ሕመም እንዳልሆነ ለማጣራት ሁለት ወር መከታተል እንደሚያስፈልግ ሲነግረኝ «ተከታትያለሁ» አልኩት፤ «በጨርቅ።»

«ጥፋቴ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ለራሴ ሳይሆን ለእናቴ ነበር የጠየቅሁት።

«አይደለም» አለ።

በመንገድ ላይ ተናደድኩ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ቀላል ቃል ነበር። አይደለም። ማንም አላላትም።

ታኅሣሥ 18

ነገ ገብርኤል ነው፣ ከተማው ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። እኔ ጸጉሬን ሳላበጥር፣ ዓይኔ አብጦ፣ የኔታን ጥራልኝ ብዬ ፍቅሬን ላክሁት። «እንዲህ ሆነሽ ያዩሻል» አለኝ። «እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው» አልኩት።

መጡ። አልተነሣሁላቸውም፤ ጉልበት አልነበረኝም። ሰማያዊ ጨርቅ ይዤ አለቅሳለሁ።

«ይኸውልዎ፣ የኔታ። ዘቦው ተቆልፏል፤ ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። ጠበልም አልሄድኩም። የልጅ ዩኒፎርም ነው። ይመርምሩ።»

ተቀመጡ። የሐኪሙን ቃል ነገርኳቸው፣ እየተንሰቀሰቅሁ፣ ግማሹን እየረሳሁ። አበባ፣ ሆርሞን፣ ሁሉንም በእሳቸው ፊት። ፍቅሬ ጣራ ጣራውን ያያል።

በመጨረሻ የኔታ እንዲህ አሉ፤ «እናትሽን ያጠመቅኋት እኔ ነበርኩ። ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። በየጊዜው ያመጧታል፤ ትድናለች፤ ደስ ይለኛል። ተመልሳ ስትመጣ ግን ‹ምን ኃጢአት ሠርተሽ ነው መልሶ የያዘሽ› እላት ነበር።»

መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አጋደሙ።

«አንድም ቀን ‹መቼ መቼ ነው› ብዬ አልጠየቅኋትም።»

ልወቅሳቸው ፈልጌ ነበር። ለዓመታት በልቤ የያዝኩት ወቀሳ አለኝ፤ ስሙን ግን አሁን ነው ያገኘሁት። «እሷም ራሷን ትወቅስ ነበር፣ የኔታ። እስከ መጨረሻው» አልኳቸው። ይህን ብቻ። በቂ ነበር፤ መዳፋቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ሲወጡ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ታኅሣሥ 21

አበባዬ ትናንት መጣ። ደመናው ተገፈፈ። ፍቅሬን «ዘንድሮ በየዳ የሚሄድ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የለም» አለ። «ደርቤስ?» «ደርቤ ምን አገባው!» አለ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ጥር 2

አራተኛው ካባ አለቀ፣ አምስተኛው ተጀመረ። መድኃኒቱ እዚህ ስላልተገኘ ፍቅሬ መንገዱ እንደገና በተከፈተ ቀን ጎንደር ሄዶ ይዞልኝ መጣ።

«ፋርማሲው ውስጥ ሰው ነበር?» አልኩት።

«ሞልቶ ነበር። ‹ለማን ነው?› አለኝ ልጁ። ‹ለሚስቴ ነው፣ ከወር አበባ በፊት ያማታል› አልኩት።» ጆሮው እስካሁን ቀልቷል።

ባለፈው ጥቅምት «ለማንም እንዳትናገሪ» ያለው ሰውዬ። አቀፍኩት።

ጥር 7

መድኃኒቱ ሆዴን ያቅለሸልሸኛል። ሃና ትንሽ ቀን ታገሺው፣ ይለምድሻል አለችኝ። የዚህ ወር ክፉ ሰሞን ከጥምቀት ጋር ሊገጥም ነው። አወቅሁት፤ ማወቄ ብቻውን አላዳነኝም፤ ግን አድብቶ አይመጣብኝም።

ጥር 11

ጥምቀት። ክፉው ሰሞን ገብቷል። እንዳለፈው አይከፋም፤ ግን ገብቷል። ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ተጨነቅሁ። ፍቅሬ «ብትቀሪስ?» ሲለኝ ነጠላዬን ለበስኩ።

ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲነሣ አምስቱ ቄሶች በአምስቱ ካባ ተከትለው ወጡ። ፀሐዩ አረፈበት። እልል አልኩ፤ እንባዬም ወረደ። አልጠረግሁትም። መስከረም እጄን ይዛለች።

ከጎናችን የቆመች ሴት ለጓደኛዋ ሹክ ስትል ሰማሁ፤ «ያቺ ናት ልብሱን የሰፋችው። እዪ፣ አሁንም መጣባት።»

ወፍጮ ቤት ዝም እንዳልኩት ዝም ልል ነበር። መስከረም ግን ሰምታ ነበር። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

ዞርኩና «አዎ መጣብኝ፣ እህቴ» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፤ «አበባዬ ሊመጣ ሲል እንዲህ ያደርገኛል። ሕመም ነው፣ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ዛር የለብኝም፤ እናቴም አልነበረባትም፤ ልጄም የለባትም። ካባው ግን እንዴት ነው? አማረ?»

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። ጓደኛዋ ግን ለአፍታ አየችኝና «አምሮአል» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብላ «የት ነው መድኃኒቱ?» አለችኝ። ሃናን እንድትጠይቅ ነገርኳት።

ጥር 14

ጨለማ። ዛሬ ከባድ ነው። ጥምቀት ሲያልፍ የያዘኝ ጉልበት አብሮ ሄደ መሰለኝ። ሃና ጠዋት ደወለችልኝ። ስፌት ቤት ገብቼ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥኩ። ሰማያዊም ዘቦም የለም።

የኔታ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ብብታቸው ሥር ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ፈቱት። የራሳቸው ጥንግ ድርብ ነው፣ ለማኅሌት የሚለብሱት፤ ጥለቱ ተተርትሯል።

ፊቴን አዩ። ምን ሰሞን እንደሆነ አወቁ። ጨርቁን ግን መልሰው አልጠቀለሉትም።

«ልጄ፣ ሲሻልሽ ትሰፊልኛለሽ» አሉ። «ለሳምንትም ቢሆን፣ ለወርም ቢሆን እጠብቃለሁ። ሌላ ሰው አይሰፋልኝም።»

ካሉት ሁሉ ያንን የመጨረሻውን ቃል ወደድኩት። ግን አንድ ነገር አልወደድኩላቸውም።

«ሳይሻለኝም እሰፋለሁ፣ የኔታ» አልኳቸው። «ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ክር አስገባሁ፤ እያለቀስኩ ሰፋሁ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።